የብረት አስተኔ ጨዎች የነበልባል ቀለማት፤ ስለ ስያሜያቸው የቀረበ ማብራሪያ

1. መግቢያ

በኬሚስትሪ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ለተማሪዎች ከሚታዩት ሙከራዎች አንዱ የነበልባል ሙከራ ነው። አንድ ዓይነት ጨው በቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ጫፍ ተወስዶ ቀለሙ እምብዛም ወደማይታይ የጋዝ ነበልባል ሲገባ፣ ነበልባሉ እንደ ጨው ዓይነቱ ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። ሙከራው አጭር ነው፤ መሣሪያውም ጥቂት ነው። ይህን አጭር ሙከራ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚ ግን ሦስት ችግሮች ያጋጥሙታል። የመጀመሪያው ስለ እሳት የሚነገሩት ግሦች፣ ሁለተኛው «ጨው» የሚለው ቃል፣ ሦስተኛው የቀለማት ስም ነው።

ችግሩ የአነጋገር ውበት ብቻ አይደለም። በሌሎች ሙከራዎች ሚዛን ወይም ቴርሞሜትር ቁጥር ይሰጣል። በዚህ ሙከራ ግን ውጤቱ ራሱ የቀለም ስም ነው። ተመልካቹ ያየውን በቃል ይሰይማል፤ በዚያም ቃል አማካይነት ንጥረ ነገሩን ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ሦስት የተለያዩ ቀለማት በትርጉም ላይ «ቀይ» በሚል አንድ ቃል ቢጠቃለሉ፣ የሚጠፋው ሦስት ንጥረ ነገሮችን መለያው መንገድ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሊያሳይ የሚሞክረው፣ በእንዲህ ያለው ሥፍራ ስያሜ ከባዕዱ ቃል ሳይሆን ከክስተቱ መነሣት እንዳለበት ነው። በመጀመሪያ የክስተቱን ባሕርይ፣ ቀጥሎ ሦስቱን ችግሮች በየተራ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ለውይይት የሚሆኑ ስያሜዎችን ያቀርባል።

2. የክስተቱ ባሕርይ

አንድ ጨው ወደ ነበልባል ሲገባ ከሙቀቱ የተነሣ በከፊል ይተንናል፤ የተነነውም ክፍል ወደ አቶሞች ይበታተናል። በእያንዳንዱ አቶም ውስጥ ከውጭ በኩል ያለው ኤሌክትሮን ከነበልባሉ ጉልበት ተቀብሎ ወደ ከፍተኛ እርከን ይወጣል። በዚያ ግን አይቆይም፤ ወዲያው ወደ ቀድሞ እርከኑ ሲመለስ የተቀበለውን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቃል። በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ርቀት ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተወሰነ ስለሆነ የሚለቀቀውም ብርሃን ቀለም የተወሰነ ነው። ሶዲየም 589 ናኖሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ያለው ብጫ ብርሃን ይሰጣል። ሊቲየም 671 ናኖሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ፖታሲየም በአንድ በኩል ዐይን ሊያየው እስከሚሳነው ዳርቻ የደረሰ ጥልቅ ቀይ፣ በሌላ በኩል 404 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ወይን ጠጅ ብርሃን ይሰጣል፤ ዐይን ሁለቱን አዋሕዶ ፈዛዛ ወይን ጠጅ አድርጎ ያየዋል።

የሁሉም ቀለም ከነጠላ አቶሞች የሚመጣ አይደለም። በካልሲየም፣ በስትሮንቲየም፣ በባሪየምና በመዳብ ዘንድ አብዛኛው ቀለም የሚገኘው በነበልባሉ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ከሚፈጠሩ ሞሎኪዩሎች ነው። መዳብ ከክሎሪን ጋር ሲገኝ ሰማያዊ፣ ያለ ክሎሪን ሲሆን ደግሞ አረንጓዴ ቀለም የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ «የመዳብ ነበልባል አረንጓዴ ነው» ብሎ የሚደመድም ዐረፍተ ነገር ግማሽ እውነት ብቻ ይዟል።

ክስተቱ ከቤተ ሙከራ ውጭም ይታያል። በሰማያዊ የቡታጋዝ ነበልባል ላይ የተጣደ ወጥ ሲገነፍል ነበልባሉ ወዲያው ብጫ ይሆናል፤ ምክንያቱ በወጡ ውስጥ ያለው ጨው፣ ማለት ሶዲየም ነው። በማገዶ እሳት ላይ የሚታየው ብጫ ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። እርሱ በነበልባሉ ውስጥ የጋሉ ደቃቅ የጥቀርሻ ቅንጣቶች የሚሰጡት ብርሃን ነው። ሁለቱ ብጫዎች ለዐይን ቢመሳሰሉም በምክንያት ይለያያሉ፤ ይህም ልዩነት በሚከተለው ክፍል ለቃላት ምርጫ መሠረት ይሆናል።

3. ስለ እሳት የሚነገሩ ቃላት

አማርኛ ስለ እሳት የሚናገርበት ቃል አያጣም። «ነበልባል» ብርሃን እየሰጠ ወደ ላይ የሚነድደው ጋዝ ነው። «ወላፈን» ከነበልባሉ የሚመጣው የሚጋረፍ ሙቀት ነው። «ፍም» ነበልባሉ ዐልፎ ቀልቶ የሚታየው ከሰል፣ «ረመጥ» ደግሞ ፍም የተዳፈነበት ትኩስ አመድ ነው። «እሳት» ሁሉንም ይጠቀልላል። ስለዚህ ሙከራውን «የእሳት ቀለም ሙከራ» ብሎ መሰየም ስሕተትን ይጋብዛል። የፍም ቅላት የሚወሰነው በሙቀቱ መጠን ነው፤ ከሰልም ሆነ ብረት በእኩል ሙቀት ሲግል ቀለሙ ተቀራራቢ ነው። የነበልባል ቀለም ግን የሚወሰነው በውስጡ በገባው ንጥረ ነገር ነው። አንደኛው ስለ ሙቀት ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ማንነት። የመጀመሪያውን «የግለት ብርሃን»፣ ሁለተኛውን «የነበልባል ቀለም» ብሎ መለየት ይቻላል። በማገዶ እሳት የሚታየው ብጫ ከመጀመሪያው፣ ወጥ ሲገነፍል የሚታየው ብጫ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል።

ግሦቹም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። እንጨት ይነድዳል፤ ምግብ ይቃጠላል ወይም ያርራል፤ ብረት ይግላል፤ ሰም ይቀልጣል፤ ውኃ ይተንናል። በትርጉም ሥራዎች ላይ «ጨው ሲቃጠል ብጫ ይሆናል» የሚል ዐይነት ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ ሁለት ጥፋት ይኖርበታል። በመጀመሪያ፣ የሚነድደው ጋዙ እንጂ ጨው አይደለም፤ የገበታ ጨው ከኦክሲጂን ጋር ተዋሕዶ የሚቃጠል ነገር አይደለምና። በሁለተኛ ደረጃ፣ ብጫ የሚሆነው ነበልባሉ እንጂ ጨው አይደለም። ትክክለኛው አገላለጽ «ጨው በነበልባል ውስጥ ሲግል ነበልባሉን ብጫ ቀለም ያስይዘዋል» የሚለው ነው። በአንጻሩ የማግኒዚየም ጥብጣብ በእውነት ይነድዳል፤ ነጭ ብርሃን የሚሰጠውም እየነደደ ነው። ለሁለቱም «ተቃጠለ» የሚለውን አንድ ግሥ መጠቀም ሁለት የተለያዩ የኬሚስትሪ ድርጊቶችን ማደባለቅ ይሆናል።

4. «ጨው» የሚለው ቃል

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ጨው» የሚለው ቃል የገበታውን ጨው፣ በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ክሎራይድን ያመለክታል። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረውና በገንዘብ ፈንታ ያገለገለው አሞሌም ይኸው ነው። በኬሚስትሪ ቋንቋ ግን «ጨው» የአንድ ነገር ስም ሳይሆን የመደብ ስም ነው፤ አሲድና ቤዝ ሲዋሐዱ ከውኃ ጋር የሚገኘው ውሁድ ሁሉ በዚህ መደብ ይጠቃለላል። ከእነዚህ መካከል ነጭ ያልሆነ፣ የማይጣፍጥ፣ በውኃ የማይሟሟ፣ መርዝም የሆነ ብዙ አለ።

የሁለቱን ፍቺዎች ርቀት ለማየት ዳሎል ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ አካባቢ የገበታ ጨውና የፖታሲየም ጨዎች በአንድ ሥፍራ ይገኛሉ። ሶዲየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ ሁለቱም ንጹሕ ሲሆኑ ነጭ ወይም ቀለም አልባ ስለሆኑ በዐይን ለመለየት ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው ለገበታ፣ ሁለተኛው በዋናነት ለማዳበሪያ ይፈለጋል። በነበልባል ውስጥ ግን አንዱ ደማቅ ብጫ፣ ሌላው ፈዛዛ ወይን ጠጅ ያሳያል። ጀርመናዊው ኬሚስት ማርግራፍ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የሶዲየምንና የፖታሲየምን ጨዎች በነበልባላቸው ቀለም የለየው፣ ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ገና ተነጥለው ሳይታወቁ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ በኤሌክትሪክ ኃይል አማካይነት ነጥሎ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1807 ነበር። በዚህ ሙከራ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሶዲየም ብጫ እጅግ ብርቱ በመሆኑ ከጣት ላብ የመጣ ጥቂት ጨው እንኳ የፖታሲየምን ቀለም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ተመልካቹ ብጫውን በሚያግድ ሰማያዊ የኮባልት መስታወት አሻግሮ ይመለከታል።

የቃሉ ሁለት ፍቺ መኖር አደጋም አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሊቲየም ክሎራይድ፣ ሶዲየም ለተከለከሉ የልብና የደም ግፊት ሕሙማን በገበታ ጨው ምትክ ይሸጥ ነበር። በ1949 የመመረዝና የሞት አደጋዎች በመታየታቸው ከገበያ ታገደ። ነገሩ ጨው ነው፣ ጣዕሙም ከጨው ይቀራረባል፤ ግን «ጨው» በሚለው ቃል ሰው የሚረዳው ነገር አይደለም። ሌላው ምሳሌ ባሪየም ነው። ባሪየም ሰልፌት በውኃ ስለማይሟሟ የጨጓራና የአንጀት ራጅ ለሚነሡ ሕሙማን በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል፤ ሳይመጠጥ ዐልፎ ይወጣል። ባሪየም ክሎራይድ ግን ስለሚሟሟ መርዝ ነው። ሁለቱም «የባሪየም ጨው» ናቸው። በሕክምናም ሆነ በቤተ ሙከራ ጽሑፍ ተርጓሚው የስሙን ሁለተኛ ክፍል ለማሳጠር ብሎ ቢተወው፣ የሚጠጣውንና የሚገድለውን በአንድ ስም ጠራቸው ማለት ነው።

ለዚህ ችግር አዲስ ቃል መፍጠር አስፈላጊ አይመስልም። ቋንቋው ራሱ መለያ አለው። በተራው አነጋገር «ጨው» የማይቈጠር ስም ስለሆነ የብዙ ቍጥር አይዝም፤ «ሁለት ጨዎች ገዛሁ» የሚል የለም። «ጨዎች» ሲባል ግን አንባቢው ወዲያው የሚነገረው ስለ ዓይነትና ስለ መደብ መሆኑን ይገነዘባል። ስለዚህ ብቻውን የቆመ ነጠላ «ጨው» ለገበታው ቢቀር፣ ለመደቡ ደግሞ የብዙ ቍጥሩ ወይም ሙሉ ስሙ ቢሠራበት አሻሚነቱ ይወገዳል። «ጨዋማ» የሚለው ቅጽልም ጣዕምን ስለሚያመለክት በመደቡ ፍቺ ባይገባ ይመረጣል።

5. የቀለማቱ ስም

በአውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የነበልባል ሠንጠረዦች ቀለማቱን የሚሰይሙት በብዛት በነገር እያመሳሰሉ ነው፤ ካልሲየምን በጡብ፣ ባሪየምን በፖም፣ ፖታሲየምን በአንድ የአውሮፓ ቍጥቋጦ አበባ። ንጽጽሩ ለእነርሱ ቋንቋ ተናጋሪ የተለመደ ስለሆነ ሥራውን ይሠራል። ቃል በቃል ሲመለስ ግን አንባቢው የማያውቀውን ነገር፣ ወይም የሚያውቀውን ግን ቀለሙ ሌላ የሆነውን ነገር እንዲያስብ ያስገድደዋል። አበባው በአገራችን ስላልተለመደ ለአንባቢው ባዶ ስም ነው። ፖም ደግሞ አሁን በጨንቻና በሌሎች ደጋ ሥፍራዎች ቢበቅልም፣ ቀይም አረንጓዴም ስላለ «የፖም ቀለም» ሲባል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ለእነዚህ አገርኛ ምትክ መፈለግ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። ይህም ቢሆን መፈተን አለበት። ለካልሲየም «የሸክላ ቀይ» ቢባል ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ሆኖም ጀበናም ሸክላ ነው፣ ጀበና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቍር ነው። ለሊቲየም «የጽጌረዳ ቀይ» ቢባል ጽጌረዳ ነጭም ብጫም አለው። የማመሳሰያው ነገር አገርኛ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በሌላ በኩል ከነገር ስም ተነሥተው የቀለም ስም ሆነው የጸደቁ ቃላት አሉ፤ «ብርቱካንማ»፣ «ቡናማ»፣ «ሰማያዊ»፣ «ወይን ጠጅ»፣ «ሮዝ»። በእኛ ገበያ የበሰለ ብርቱካን ልጣጩ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ «ብርቱካንማ» ሲባል ግን ልጣጩን የሚያስብ የለም። ሰማይ ሲደፈርስ ግራጫ ይሆናል፤ «ሰማያዊ» ግን አይለወጥም። እነዚህ ቃላት ከመነሻቸው ተላቀው ራሳቸውን ችለዋል። መለያው ይህ ነው፤ ሰሚው ዕቃውን ሳያስብ ቀለሙን የሚያስብ ከሆነ ቃሉ የቀለም ስም ሆኗል፤ ዕቃውን ማሰብ ካለበት ግን ገና ንጽጽር ነው። ለሳይንስ ሠንጠረዥ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው።

በመካከል ያለውን ቀለም ለመግለጽ አማርኛ የተመቸ መንገድ አለው፤ «ወደ … የሚያደላ»። በዚህ መንገድ ሦስቱ ቀዮች ይለያሉ። የሊቲየም ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ነው፤ የስትሮንቲየም ደማቅ ቀይ ነው፤ የካልሲየም ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ቀይ ነው። የባሪየም ወደ ብጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ክሎሪን የሌለበት መዳብ አረንጓዴ፣ ክሎሪን ያለበት መዳብ ሰማያዊ ይሆናል። አገላለጹ ከአንድ ቃል ይረዝማል። ይሁን እንጂ በነበልባሉ ፊት የቆመው ተማሪ የሚያየውን ይነግረዋል፤ ይህም ከማጠር ይበልጣል። ርችት ሠሪዎችም ለቀይ ስትሮንቲየምን፣ ለአረንጓዴ ባሪየምን፣ ለብጫ ሶዲየምን፣ ለሰማያዊ መዳብን የሚጠቀሙ በመሆናቸው ልዩነቱ በሰማይ ላይ ጭምር የሚታይ ነው።

አንድ ቃል በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። «ሐምራዊ» በአንዳንዱ ጸሐፊ ዘንድ ለወይን ጠጅ፣ በሌላው ዘንድ ለሮዝ ይነገራል። በሌላ ጽሑፍ ይህ መዋዠቅ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በነበልባል ሙከራ ግን ወይን ጠጅ ማለት ፖታሲየም፣ ሮዝ የቀላቀለ ቀይ ማለት ሊቲየም ስለሆነ፣ አንዱ አንባቢ አንዱን ንጥረ ነገር፣ ሌላው ሌላውን ይረዳል። አጠቃቀሙ እስኪረጋ ድረስ በሠንጠረዥ ውስጥ ባይገባ የተሻለ ነው።

6. በስማቸው ቀለም የያዙ ንጥረ ነገሮች

ጀርመናውያኑ ቡንሰንና ኪርሆፍ የነበልባልን ብርሃን በፕሪዝም በትነው መመልከት ከጀመሩ በኋላ፣ ቀለም ንጥረ ነገርን መለያ ብቻ ሳይሆን መጠሪያም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1860 በዱርክሃይም የማዕድን ውኃ ውስጥ ሁለት የማይታወቁ ሰማያዊ መሥመሮች አይተው ንጥረ ነገሩን ሲዚየም አሉት፤ ቃሉ በላቲን ወደ ግራጫ የሚያደላ ሰማያዊ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥልቅ ቀይ መሥመሮች የታዩበትን ሩቢዲየም ብለው ሰየሙት። በዚያው በ1861 እንግሊዛዊው ክሩክስ አንድ ብሩህ አረንጓዴ መሥመር አይቶ፣ በግሪክኛ ለምለም ቡቃያ ከሚለው ቃል ታሊየም የሚለውን ስም አወጣ። በ1863 ደግሞ ራይኽና ሪሕተር በፍራይበርግ ኢንዲየምን አገኙ፤ ስሙ የመጣው ከኢንዲጎ ነው። ራይኽ ቀለማትን መለየት የማይችል ስለነበረ መሥመሩን የተመለከተው ረዳቱ ሪሕተር ነበር። ቀለም የሰየመው ንጥረ ነገር ለአንደኛው ፈላጊው በቀለሙ ያልታየ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

እነዚህ ስሞች ዓለም አቀፍ ስለሆኑ ወደ አማርኛ በድምፃቸው ይገባሉ እንጂ አይተረጐሙም። ሆኖም መዝገበ ቃላት የቃሉን መነሻ ቢያመለክት አንባቢውን ይረዳል፤ አንድ ማስጠንቀቂያም ሊጨምር ይገባል። ስሙ የወጣው በፕሪዝም ከታየው መሥመር እንጂ በዐይን ከሚታየው ነበልባል አይደለም። የሩቢዲየም ስም «ቀይ» ቢልም ነበልባሉ ወደ ቀይ የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው። ከስሙ ተነሥቶ ሠንጠረዡን የሚሞላ ተርጓሚ ይሳሳታል።

7. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

የነበልባል ሙከራ፦ አንድን ንጥረ ነገር በነበልባል ላይ በሚያሳየው ቀለም የመለየት ዘዴ። «የእሳት ሙከራ» አይባልም።

የግለት ብርሃን፦ ከጋለ ጠጣር ነገር፣ ለምሳሌ ከፍም፣ ከጥቀርሻ ወይም ከብረት የሚወጣ ብርሃን፤ ቀለሙ በሙቀት መጠን የሚወሰን።

የነበልባል ቀለም፦ በነበልባል ውስጥ የተነነ ንጥረ ነገር የሚሰጠው ብርሃን፤ ቀለሙ በንጥረ ነገሩና አብሮት በሚገኘው የሚወሰን።

ቀለም ማስያዝ፦ ጨው በነበልባል ላይ ለሚያደርሰው ለውጥ የሚነገር ግሥ። «መቃጠል» እና «መንደድ» ከኦክሲጂን ጋር ተዋሕዶ ለሚነድድ ነገር ብቻ ይቀራሉ።

ጨው (ነጠላ፣ ያለ ቅጥያ)፦ የገበታ ጨው።

ጨዎች፤ የ(…) ጨው፦ የኬሚስትሪ መደብ። የተወሰነ ውሁድ ሲነሣ ሙሉ ስሙ ይጻፋል፤ ባሪየም ሰልፌት፣ ባሪየም ክሎራይድ።

እርከን፦ ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ የሚይዘው የጉልበት ደረጃ። «ጉልበት» እዚህ የተመረጠው «ኃይል» በፊዚክስ ለግፊትና ለስበት ስለሚነገር ነው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም፤ በቋንቋው ውስጥ ያሉ ቃላት ናቸው። የተጨመረው ድንበራቸውን ማስመር ብቻ ነው። አማርኛ ነበልባልን ከፍም፣ መንደድን ከመጋል፣ ጨውን ከጨዎች የሚለይበት መንገድ ቀድሞም ነበረው። ተርጓሚው ይህን ልዩነት የሚያጣው ባዕዱን ሠንጠረዥ ብቻ እየተመለከተ ሲሠራ ነው። ስለዚህ የነበልባል ቀለማትን የሚተረጕም ሰው ቢቻል አንድ ጊዜ ሙከራውን ራሱ ቢመለከት፣ ባይቻል ሙከራውን የሚሠራ የኬሚስትሪ መምህር ያየውን በአማርኛ እንዲነግረው ቢጠይቅ፣ ከብዙ መዝገበ ቃላት የበለጠ ይጠቅመዋል። በተለይ ስለ ሦስቱ ቀዮችና ስለ «ሐምራዊ» አጠቃቀም ከመምህራንና ከተርጓሚዎች የሚገኝ አስተያየት ለስያሜው መርጋት ያግዛል።